ርስትና የጋራ ጥቅም፤ ከደቻቱ ዳርቻ የሚነሣ ጥያቄ



ሰባተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር ሕፃናት የሚያቀርቡልን ጥያቄ በአብዛኛው አይከብድም፤ ስለ ተገኘ ገንዘብ፣ ስላልተመለሰ ብድር፣ ከጎረቤት ጓሮ ስለ ተቀጠፈ ዘይቱን ይጠይቃሉ። የአዋቂዎቹ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «መንግሥት ለመንገድ ብሎ ቤቴን ሲያፈርሰው ሰረቀኝ ልበል?» ይላሉ። «አልለቅም ብዬ ብቀርስ በደለኛ እሆናለሁን?» ይላሉ። አልፎ አልፎም በለሆሳስ፣ «ገማቾቹ ሳይመጡ ሁለት ክፍል ቀጥዬ ብጠብቃቸውስ?» የሚል ይመጣል። እነዚህ ጥያቄዎች በድሬዳዋ፣ ይልቁንም በደቻቱ ግራና ቀኝ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች የጨዋታ ርእስ አይደሉም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለ ግል ሀብት የምታስተምረውን ከሀገራችን ሕግና ከዚህ ወንዝ ታሪክ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

ወንዙና ነዋሪው

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር መውጣት ተራራው ስለ ከለከለው፣ ከተማይቱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ደቻቱም ከጥንት እንደ ነበረ በመካከል ቀረ፤ በአንድ ወገን የባቡር ኩባንያው በቀጥታ መንገዶችና በዛፍ ጥላ ያሰናዳው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የንግዱ መንደር መጋላ።

የደቻቱን ጠባይ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ወንዝ ይባላል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውኃው የሚመጣው ከደንገጎና ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ እዚያ ላይ ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጎርፉ ማስጠንቀቂያ የለውም። ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የወረደው ደራሽ ከ200 በላይ ሰዎችን ከነመኝታቸው ወሰደ፤ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብም ያለ መጠለያ አስቀረ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ጎርፍ ዳግመኛ በከተማይቱ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

ሰው ለምን እዚያ ሰፈረ? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ሰፋሪውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለገበያው ቅርብ የሆነ፣ በቀን ሥራና በጉልት ንግድ የሚያድር ቤተ ሰብ የኪራይ አቅሙ የሚችለው ያንን ብቻ ነበረ። ከነዋሪዎቹ አንዳንዱ ካርታ ያለው ነው፤ አንዳንዱ ግብር የከፈለበት ደረሰኝ ብቻ አለው፤ አንዳንዱ በቀበሌ ቤት ተከራይ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» የሚለውን በአንድ ሌሊት ያቆመ ነው። ውኃው በሚመጣበት ጊዜ በእነዚህ መካከል ልዩነት አላደረገም። ካሣ ከፋዩ ግን ያደርጋል፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ እልቂት በኋላ የተረፉት በድንኳን ሰነበቱ፣ ቀስ በቀስም በሌላ ሥፍራ ቤት ተሠራላቸው፤ በወንዙም ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቆመ። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር አንዳንድ ጊዜ በስብከታችን የምንዘነጋው ነው። መንግሥት ሰውን ከቦታው የማንሣት ሥልጣን ያለው መሆኑ በራሱ በደል አይደለም። እንዲያውም ሞት በሚያልፍበት ጎዳና ላይ የተኛን ሕዝብ አይቶ ዝም ያለ ሹም የሰዎቹን ንብረት አከበረ አይባልም፤ ግዴታውን ተወ እንጂ። ስለዚህ «ቤት ፈረሰ» የሚለውን ወሬ በሰማን ቁጥር ወዲያው የናቡቴን ታሪክ ማንሣት አይገባንም። አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሀብት የግል የሆነው ስለ ምን ነው?

በትምህርታችን መሠረቱ ምድርና በእርስዋ ያለው ሁሉ ለሰው ልጆች በሙሉ የተሰጠ መሆኑ ነው። የግል ሀብት መብት ከዚህ በኋላ የሚመጣ፣ ለዚህም የሚያገለግል ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ የግል ይዞታ የተፈቀደና አስፈላጊ የሆነበትን ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሰው የራሱን ከጋራው ይልቅ ተግቶ ይጠብቃል፣ እያንዳንዱ የራሱን ሲይዝ ሥራው ሥርዓት ይኖረዋል፣ ሰዎችም በሰላም ይኖራሉ። ስለ አጠቃቀሙ ሲናገሩ ግን ሰው ያለውን የራሱ ብቻ አድርጎ እንዳይቆጥረው፣ ለችግረኛም ለማካፈል የተዘጋጀ እንዲሆን ያስተምራሉ። ቀደም ብለውም ቅዱስ አምብሮስዮስ ስለ ናቡቴ በጻፉት መጽሐፍ የባለጠጎችን ስግብግብነት በብርቱ ገሥጸዋል።

ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጧት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለች ዓዋዲት መልእክት ይህን ትምህርት ወደ ሠራተኛው ቤት አስገቡት። ሠራተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ ቁራሽ መሬት ቢገዛ፣ ያ መሬት መልኩን የለወጠ ደመወዝ ነው፤ ያን የወሰደበት ሰው የድካሙን ዋጋ ወሰደበት ማለት ነው ይላሉ። ይህ አሳብ ለእኛ ከተማ እንግዳ አይደለም። በምድር ባቡር ሲሠራ የኖረው ወይም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ የገባችው ሰው ከዕቁብ የወጣውን ገንዘብ በብሎኬትና በቆርቆሮ ለወጠ፤ አንድ ክፍል በአንድ ዓመት፣ ሌላውን ክፍል ከአራት ዓመት በኋላ። እንዲህ ያለው ቤት በገማቹ መዝገብ ላይ በካሬ ሜትር ይጻፋል፤ በእውነቱ ግን የሠላሳ ዓመት ላብ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ የግል ሀብት ለሰው ነጻነት እንደ ከለላ መሆኑን ከገለጠ በኋላ፣ የጋራ ጥቅም ሲያስገድድ ንብረት ሊወሰድ እንደሚችል፣ በዚያን ጊዜም ሁኔታው ሁሉ ተመዝኖ ተገቢ ካሣ እንዲሰጥ ያዝዛል። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1967 «ፖፑሎሩም ፕሮግሬሲዮ» በተባለችው መልእክት ይህንኑ አጽንተው፣ ሥራ ላይ ሳይውሉ የተያዙ ወይም ሕዝብን ለድህነት የዳረጉ ሰፋፊ የመሬት ይዞታዎች ለጋራ ጥቅም ሊወሰዱ እንደሚችሉ ጻፉ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በግል ሀብት ሁሉ ላይ የማኅበራዊ ዕዳ ማስያዣ እንዳለበት አስተምረዋል። ስለዚህ «የእኔ ነው፣ ማንም አይነካኝም» ማለት የካቶሊክ ትምህርት አይደለም። «ሁሉ የመንግሥት ነው፣ ስጥ ያልኩህን ስጥ» ማለትም አይደለም።

ሁለት ነገሥታት

በመጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥ የሰውን ቦታ የፈለገባቸው ሁለት ታሪኮች አሉ፤ አንዱ ብቻ ይታወቃል።

የታወቀው የአክዓብ ነው (1ኛ ነገ. 21)። ብዙዎቻችን የምንረሳው፣ አክዓብ መጀመሪያ ያቀረበው አሳብ ክፉ አለመሆኑን ነው። ለወይኑ ቦታ የተሻለ ምትክ ወይም ዋጋውን በብር እሰጥሃለሁ አለ። ናቡቴ እምቢ ያለው የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነው። በደሉ የጀመረው እምቢታውን ንጉሡ መቀበል ስላቃተው ነው። ከዚያም ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ ሸንጎ ተጠራ፣ ምስክሮች ተገዙ። ልብ እንበል፤ ሁሉም በሥርዓት፣ በማኅተምና በችሎት ነው የተፈጸመው። ሕግን የመሰለ ወረቀት መኖሩ ብቻ ፍትሕ መኖሩን አያሳይም። ቦታው የተፈለገውም ለሕዝብ አልነበረም፤ ለቤተ መንግሥቱ የአትክልት ሥፍራ ነበረ።

ሁለተኛው የዳዊት ነው (2ኛ ሳሙ. 24)። መቅሠፍት በሕዝቡ ላይ ወርዶ ሰባ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ መሠዊያ ማቆም አስፈለገ፤ ቦታው ግን የኢያቡሳዊው የኦርና አውድማ ነበረ። ከዚህ የበለጠ አጣዳፊ የሕዝብ ጉዳይ አይገኝም። ባለቤቱም የባዕድ ወገን ነው፤ ጨርሶም አውድማውን ከነበሬው በነጻ ለመስጠት ፈቅዷል። ዳዊት ግን ያለ ዋጋ ያገኘውን ለእግዚአብሔር ማቅረብ አልወደደም፤ አምሳ ሰቅል ብር ከፍሎ ገዛ። ከዚያም በኋላ መሠዊያውን ሠራ። ክፍያው ከሥራው መቅደሙን ካቴኪስቶች ሲያስተምሩ እንዲያሳዩ እንወዳለን። መጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደሚነግረን ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚሁ ቦታ ላይ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ከኦሪት ዘሌዋውያን 25 ምድሪቱ የእግዚአብሔር መሆንዋን ጠቅሶ «እንግዲያው የግል መሬት የለም» የሚል ተከራካሪ ይገጥመናል። መልካም ነው፤ ነገር ግን መሬቱ የእግዚአብሔር ነው ማለት የጽሕፈት ቤቱ ነው ማለት አይደለም። ያ ምዕራፍ የተጻፈው በየአምሳ ዓመቱ ርስቱን ያጣ ቤተ ሰብ ወደ ርስቱ እንዲመለስ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም መስፍኑ ሕዝቡን ከርስታቸው አፈናቅሎ እንዳይወስድ በግልጽ ይከለክላል (46፡18)።

በሀገራችን

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ከርስት ክርክር የማይለየው ሕዝባችን የኖረበትን ወሰን ያሳያል። ወንድም ከወንድሙ ጋር ለአንድ እግር መሬት ዕድሜ ልኩን ይሟገታል፤ ከዙፋኑ ጋር ግን አይሟገትም። በጽሑፍ የሠፈረው ሕግ ይህን ቀስ በቀስ ለመለወጥ ሞከረ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በሕግ ከተወሰነ የሕዝብ ፍላጎት በቀር የማንም ንብረት እንዳይወሰድ ደነገገ፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ተገቢ ካሣ እንዲከፈል ጨመረ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከቁጥር 1460 ጀምሮ የማስለቀቁን ሥርዓት ዘርዝሮ፣ ካሣው በእውነት ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን አዘዘ። በወረቀት ላይ ይህ ያማረ ነበር። በዚያው ዘመን ግን በደቡብ ያለው ጭሰኛ ካረሰው ምርት ብዙውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር፤ ተማሪዎችም በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ።

ከዚያ የሆነውን አረጋውያን ያስታውሱታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት፣ በሐምሌም አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። ስለ ሁለቱ አንድ ዐይነት ፍርድ መስጠት አይቻልም ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው ለጭሰኛው እፎይታ አምጥቷል፤ ጳውሎስ 6ኛ ከስምንት ዓመት በፊት ከጻፉት ጋርም ከፊሉ ይስማማል። ሁለተኛው ግን ብዙ ሕንፃ ያከራይ የነበረውን ከበርቴና ከአንዲት ክፍል ኪራይ ልጆችዋን የምታሳድገውን መበለት በአንድ ሚዛን አስቀመጠ፤ ለቦታውም ካሣ እንደማይከፈል ደነገገ። ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ አላመለጠችም። ከአዋጁ ድንጋጌ እንኳ ውጭ በጉልበት የተወሰደ ንብረት ብዙ ስለ ነበረ፣ በ1987 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን የሚመረምር ሌላ አዋጅ ማውጣት አስፈልጓል።

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ግን የራሱ ነው። በዚሁ አንቀጽ ንኡስ ቁጥር 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት መውሰድ የሚችለው ከንብረቱ ዋጋ ጋር የሚመጣጠን ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። «በቅድሚያ» የሚለውን ቃል እናስምርበት፤ የዳዊት ሥርዓት ነው። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት መርሐ ግብር ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ማካካሻ፣ የመልሶ ማስፈር ርዳታንም ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ቤተ ክርስቲያን የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥት የሰጠ ሕግ ሁሉ ኃጢአት ነው ብላ አታስተምርም። የምትጠይቀው ሌላ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ድሃው ነገ ማን እንደሚያነሣው ሳይፈራ የሚተኛበት ሥፍራ አለውን?

የማን ጥቅም?

«የሕዝብ ጥቅም» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የከተማን ፕላን መሠረት አድርጎ ሕዝቡ «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» የሚጠቀምበትን ሁሉ ያካትት ነበር፤ ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ከዚህ ብዙ አልራቀም። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የጎርፍ ግንብ ሲሆን ክርክር የለም። በ2009 ዓ.ም. ለተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር መሥመር መሬት መልቀቅ ለሀገር መልቀቅ መሆኑን ማንም ይረዳል። የአንዱ ጎጆ ለሌላው ሆቴል ሲለቀቅስ? ሆቴሉ ሥራ ይፈጥራል፣ ግብር ይከፍላል፤ «በተዘዋዋሪ» ሕዝብ ይጠቀማል ሊባል ይችላል። በዚህ መንገድ ከሄድን ግን ከድሃ ወደ ባለጠጋ የማይተላለፍ ቦታ አይኖርም።

ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የኒው ለንደን ከተማ ለኢኮኖሚ ዕድገት ብላ የሱዜት ኬሎንና የጎረቤቶችዋን ቤት ለመውሰድ ተነሣች፤ ነገሩ እስከ ሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 አምስት ዳኞች ለከተማይቱ፣ አራት ዳኞች ለባለ ቤቶቹ ፈረዱ። ቤቶቹ ተነሡ። የታሰበው ግንባታ ግን አልተፈጸመም፤ ቦታው ለዓመታት ባዶውን ሣር አበቀለ። ብዙዎቹ ግዛቶች ከዚያ በኋላ ሕጋቸውን አጥብቀዋል። በእኛም ከተሞች ታጥሮ ዓመታት ያስቆጠረ ባዶ ቦታ አጠገብ ስናልፍ፣ ከዚያ ማን ተነሥቶ እንደ ነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች፣ ወደ ድሬዳዋም ደርሷል። የተስተካከለ መንገድና የእግረኛ ማለፊያ ለሁሉም መልካም ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ፍጥነት ራሱ የፍትሕ ጉዳይ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለችው መልእክታቸው በቁጥር 152፣ ድሆች በተበከለ ወይም በአደገኛ ሥፍራ ሲኖሩ ማንሣት ቢያስፈልግ እንኳ አስቀድሞ በቂ መረጃ እንዲሰጣቸው፣ የሚመርጡት ጨዋ መኖሪያ እንዲቀርብላቸው፣ በውሳኔውም ራሳቸው እንዲካፈሉ ይጠይቃሉ። ደቻቱን አይተው የጻፉት ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 1161ም ተነሺዎች ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ያዝዛል። በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ የተነሣ ሰው ካሣ ቢያገኝ እንኳ የልጁ ትምህርት፣ ዕድሩ፣ የታመመችው እናቱ የምትታከምበት ጤና ጣቢያ በእጁ ሳይገቡ ይወጣሉ።

ስለ ካሣው

ሕጉ ካሣን የሚተምነው በቤቱ ነው፤ ያንኑ የመሰለ ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ ይሰላል፣ ምትክ ቦታ ይሰጣል። የከተማ ነዋሪ በተጨማሪ ለሁለት ዓመት ያለ ኪራይ የሚኖርበት ቤት ወይም የሁለት ዓመት ኪራይ ግምት ያገኛል፤ በቀድሞው አዋጅ አንድ ዓመት ነበረ። ለገበሬው የመፈናቀያ ካሣው ቀድሞ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው ዐሥር እጥፍ ነበረ፤ አሁን ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ዐሥራ አምስት እጥፍ ሆኗል። የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም በካሣው እንዲታሰብ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕግ አውጪው ዕድርና ጉርብትና ዋጋ እንዳላቸው አምኗል ማለት ነው።

ሆኖም አንድ ቁስል አልዳነም። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የቦታው ዋጋ አይከፈልም። ከገበያው ሃምሳ እርምጃ ርቃ ሻይ የምትሸጥ እናት የቤቷ ዋጋ ጭቃውና ቆርቆሮው አይደለም፤ ያ ሃምሳ እርምጃ ነው። በከተማው ዳር ምትክ ቦታ ሲሰጣት በካሬ ሜትር ያላነሰ ልታገኝ ትችላለች፤ ገበያተኛዋን ግን አጥታለች። በከተማ ጠርዝ ያለው ገበሬም የተከፈለውን ካሣ ይዞ፣ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ስንት እንዳወጣ ሲሰማ ልቡ ይቆስላል። የቫቲካን ጉባኤ «ሁኔታው ሁሉ ተመዝኖ» ያለው አሳብ በእኛ ግምት ይህንን ይጨምራል፤ የቦታውን ጥቅም የማይቆጥር ካሣ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፣ ሙሉ ፍትሕ ግን አይደለም።

ወረቀት የሌለው ሰው

የካሣ ሕግ የሚያውቀው ሕጋዊ ባለ ይዞታን ነው። በግለሰብ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው፣ በጨረቃ ቤት የሚያድረው በዚህ መዝገብ ስም የለውም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አንቀላቅል። ያለ ፈቃድ የመንግሥትን ቦታ መያዝ ትክክል አይደለም፤ ይልቁንም ቦታ እየያዘ የሚሸጥ ደላላ ድሃን በድሃ ላይ የሚያስነሣ ነውና ካቴኪስቶች ይህን ያለ ማመንታት ይናገሩ። ነገር ግን ሰው ወረቀት ባይኖረው ሰውነቱ አይቀርም። ቦታው የእርሱ አይደለም ብሎ ማስነሣት አንድ ነገር ነው፤ በክረምት ከነልጆቹ ሜዳ ላይ መጣል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በፍትሕ ሊደረግ ይችላል፣ ሁለተኛው በምንም ሕግ አይጸድቅም። በ1998ቱ ጎርፍ ለተረፉት ቤት ሲሠራ የተነሣው ጥያቄ «የት ይደሩ?» የሚል ነበር። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ሬሳ መቆጠር የለበትም።

በእኛም በኩል

በመጀመሪያ ወዳነሣነው የለሆሳስ ጥያቄ እንመለስ። ቦታ ሊለቀቅ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ በአንድ ሳምንት ግድግዳ ይቆማል፣ ችግኝ ይተከላል፤ ግምቱ እንዲያብጥ። ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ለተሠራ ነገር ካሣ እንደማይከፈል ሕጉ ይደነግጋል፤ ከማስታወቂያው በፊት ቢሆንም ሥራው ለማታለል ብቻ ከሆነ ሰባተኛው ትእዛዝ ይነካዋል። «መንግሥት እኔን ሲበድል ኖሯል» ማለት መልስ አይሆንም፤ ገንዘቡ የሹሙ ኪስ አይደለም፣ ጎረቤቱ የሚጠብቀው የውኃ ቧንቧና የሐኪም ቤት አልጋ ነው። ገማች ሆኖ እጅ መንሻ የተቀበለ፣ የአንዱን ቤት አሳንሶ የሌላውን ያገነነ ምእመን ደግሞ በኑዛዜ መናገሩ ብቻ አይበቃውም፤ የጎደለውን መመለስ አለበት። ይህን በግልጽ ማስተማር ያለብን ሙያው በቁምስናችን ልጆች እጅ ስለሆነ ነው።

ተነሺው ደግሞ «አልለቅም» ማለት ይችላልን? ጥቅሙ የሕዝብ ከሆነ፣ ካሣው ከተከፈለና ከተመከረበት መልቀቅ ይገባዋል፤ ከፍቅርም የሚቆጠር ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ ሲመስለው ግን አቤት ማለት ዐመፅ አይደለም። ሕጉ ራሱ በር ከፍቷል። በአዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል፤ ውሳኔው ካላረካው በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ ከዚያም በተመሳሳይ ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ካሣው ከተከፈለ በኋላ የሚለቅበት ጊዜ 120 ቀን ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ የካሣ ክፍያው ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ስለ ተዛወረ፣ ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል።

ሰው መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በክርክር ተሸንፎ አይደለም፤ ቀኑ አልፎበት ነው። ስለዚህ ካቴኪስቶች በየሰፈራቸው የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ቢል፣ የቀበሌ ኪራይ ደብተር በአንድ ሥፍራ እንዲቀመጥ ይምከሩ። ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን ባሉበት ቤት ማስታወቂያው ሲለጠፍ ካቴኪስቱ በአካል ሄዶ ያንብብላቸው፤ የደረሰበትንም ቀን በጀርባው ጽፎ ሁለት ጎረቤት ያስፈርም፤ አንድ ቅጂ ከቁምስናው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።